መልስ፦ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል ላሉት

ጠያቂያችን፣ ንግግርዎን ሸምድደው ቢቀርቡም በሰዎች ፊት ሲቆሙ ድምፅዎ እንደሚንቀጠቀጥና መሐል ላይ ቃሉ እንደሚጠፋብዎት ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ችግሩ ከድፍረት ማነስ ይልቅ ሽምደዳው ላይ ነው፤ ቃል በቃል የተጠና ንግግር አንዱ ቃል ሲያመልጥ ተከታዩንም ይዞ ይሄዳልና። ስለዚህ በቃልዎ የሚይዙት የመክፈቻውን ሁለት ዐረፍተ ነገርና የመዝጊያውን አንድ ብቻ ይሁን፤ ለቀረው በትንሽ ወረቀት ላይ አምስት ወይም ስድስት ቃላት በጉልህ ጽፈው፣ እያንዳንዱን እያዩ ሐሳቡን በራስዎ አነጋገር ያስረዱ።

የልብ ምቱንና የእጅ መንቀጥቀጡን የሚያመጣው አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ስሜቱ ይበርዳል። ከመነሣትዎ በፊት ትንፋሽዎን ቀስ ብለው፣ ካስገቡበት ጊዜ አስረዝመው ያስወጡ። ወረቀቱንም አትሮንሱ ላይ ያኑሩት፤ በእጅ ሲርገበገብ ፍርሃትን ያሳብቃል (ይህንን የተማርኩት አፍሬ ነው)።

ልምምዱ ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው ይሁን፤ በዓይን ማንበብ ልምምድ አይባልም። በስልክዎ ቀድተው ሲያዳምጡ «እ...» እና «ማለት ነው» የሚሉትን ስንት ጊዜ እንደደጋገሙ ይቁጠሩ፤ በእነርሱም ፈንታ ዝም ማለትን ይልመዱ፤ ለተናጋሪው ዘላለም የሚመስለው የሁለት ሰከንድ ዝምታ ለአድማጩ ፋታ ነውና። በ1924 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረው ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር መለማመጃ ክበብ፣ እንዲህ ያሉትን ቃላት የሚቆጥር አባል በስብሰባው ላይ ይመድባል። ክበብ ካላገኙ አንድ የማያዝንልዎ ወዳጅ ይህንን ሥራ ሊሠራልዎ ይችላል።