ይህ ዲስክ ከዚህ በፊት ተነክቷል? ስለ ሌዘር ምልክት ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የማጫወቻ ጥገና ላይ ስለኖርኩ ሲዲና ዲቪዲ ከእጄ አይጠፋም። "ዲስክ አንዴ ከተጠቀሙበት በኋላ በሌዘር ምልክት ተደርጎበት ያገለገለ መሆኑ እንዲታወቅ ማድረግ ይቻላል ወይ?" የሚል ክርክር ሲነሳም ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ጠይቁኝ ብያለሁና እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ኦርጂናል የፊልም ዲቪዲ ደጋግሞ ቢታይ ዲስኩ ላይ የሚቀር ነገር አለ? ያገለገለውን እንደ አዲስ እንዳይሸጡልኝ ነው።

መልስ፦ በሌዘሩ በኩል የሚቀር ነገር የለም። ከፋብሪካ ታትሞ የወጣ ዲስክ ላይ መረጃው በፕላስቲኩ ውስጥ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀርጾ፣ ስስ አሉሚኒየም ተለብጦበት ነው የሚመጣው። የማጫወቻው ሌዘር ብርሃን ያሳርፍና ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ያነባል፤ በቃ። አሉሚኒየሙን የሚነካ ጉልበት የለውም። የምታየው ጭረት የእጅ፣ የአቧራና የማስገቢያው ትሪ ሥራ ነው። ጭረት ስለሌለው ብቻ አዲስ ነው ብለህ ግን እንዳትሸወድ። ባለቤቱ ጠንቃቃ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሌዘር ዲስክ ላይ ምልክት ያደርጋል የሚባለው ከየት የመጣ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬ አይደለም፤ በዓይንህ ልታየው ትችላለህ። ጌምኪዩብ ወይም ዊ ለሚባሉት የኔንቲዶ የጌም ማሽኖች የተሠራ ዲስክ ካገኘህ ገልብጠህ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገው። ወደ መሃሉ ቀዳዳ ጠጋ ብሎ በሱቅ ዕቃ ላይ የምናውቀውን ባርኮድ የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ዙሪያውን ተደርድረው ታያለህ። ይህ ቦታ ቢሲኤ ይባላል። ዲቪዲ ላይ ከመሃል ነጥቡ 22.3 ሚሊ ሜትር ላይ ጀምሮ 23.5 ላይ ያበቃል። ዲስኩ ታትሞ ካለቀ በኋላ ፋብሪካው ጉልበተኛ ሌዘር ይዞ አሉሚኒየሙን በመስመር በመስመር ያነሳዋል። የሚይዘው 188 ባይት ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከአንድ ማተሚያ ለወጡ አንድ ዓይነት ዲስኮች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን መለያ ቁጥር ለመስጠት ከበቂ በላይ ነው።

ቤትህ ያለው ማጫወቻ ይህን ማንበብ እንጂ መሥራት አይችልም። ነገር ግን ፋብሪካው በዚያች ጠባብ ቀለበት ላይ በአሉሚኒየም ፈንታ የሚጻፍበት ሲዲ ያለውን ዓይነት ቀለም ቢያደርግ፣ ማጫወቻውም መጻፍ የሚችል ሌዘር ቢኖረው፣ መጀመሪያ የገባበት ማሽን አንድ ነጥብ አቃጥሎ "ይህ ተከፍቷል" ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ቴክኒኩ ከባድ አይደለም። ከባዱ ሌላ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ባዶ ሲዲ ብለው የሸጡልኝ ተጽፎበት የሚያውቅ ይመስለኛል። እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የሚጻፍበት ሲዲ የራሱን ታሪክ ራሱ ይመዘግባል። መጀመሪያ ዓይንህን ተጠቀም። በርን ሲደረግ፣ ማለትም ሲጻፍበት፣ ሌዘሩ ቀለሙን ይለውጠዋል። ጽሑፉ የሚጀምረው ከመሃል ወደ ውጭ ነውና፣ ወደ መሃል ያለው ክፍል ከውጪው ትንሽ ጠቆር ወይም ፈዘዝ ካለና በመካከላቸው የጠራ ክብ ድንበር ካየህ ተነክቷል። ክፍል ውስጥ ሆነህ ከማየት ደጅ አውጥተህ ብታየው ይሻላል።

ዓይን የማያየውም አለ። በርነሩ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ሌዘሩ በምን ጉልበት ቢተኩስ እንደሚሻል ዲስኩ ላይ ይሞክራል። ለዚህ ሙከራ ብቻ የተከለለ ቦታ አለ፤ ከመሃሉ በኩል፣ መረጃው ከሚጀምርበት በፊት። መቶ የመሞከሪያ ስፍራዎች አሉት። በእያንዳንዱ ሙከራ አንዱ ይቃጠላል፤ ስንተኛው ላይ እንደተደረሰም የሚቆጠርበት ቦታ አጠገቡ አለ። ስለዚህ ጽፈህ ባትጨርስ፣ መብራት እንኳ መሃል ላይ ቢጠፋብህ፣ "አንድ ጊዜ ተሞክሬአለሁ" የሚለው ምልክት ይቀራል። አይጠፋም፤ ቀለሙ አንዴ ከተቃጠለ ወደኋላ አይመለስም።

ጥያቄ፦ የሚደመሰሰውስ ዓይነት? ደምስሰው አዲስ ነው ቢሉኝ?

መልስ፦ እሱ ላይ ያለው ቀለም ሳይሆን በሙቀት ጠባዩን የሚቀይር ብረት ነክ ድብልቅ ነው፤ በግምት አንድ ሺህ ጊዜ እንዲጻፍበት ታስቦ የተሠራ። ግን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ፈጣኑን ድምሰሳ ነው። እሱ ደግሞ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ፋይሉ እዚያው ስላለ ክብ ድንበሩን ብርሃን ላይ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ እኔ የጌም ሰው ነኝ። ኩባንያዎቹ ያገለገለ ጌም እንዳይሸጥ ይህን ሌዘር ተጠቅመው ያውቃሉ?

መልስ፦ አስበውበታል። ሶኒ በፓተንት ያስመዘገበው አንድ ሐሳብ ነበር፦ ዲስኩ መጀመሪያ ሲገባ ማረጋገጫው ይነበባል፣ ከዚያ ዳግም እንዳይነበብ ይደረጋል፤ ሌላ ማሽን ውስጥ ሲገባ አይሠራም። ፕሌይስቴሽን 3 ከመውጣቱ በፊት ይኸው ሐሳብ ሊገባበት ነው ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። በ2006 ሲወጣ ግን ያገለገለ ጌም እንደ ልብ ይጫወት ነበር።

ከዚያ ሁሉም መንገዱን ቀየረ። ከ2010 ጀምሮ ጌሙ ካርቶን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ መክተት መጣ። ኮዱን የመጀመሪያው ገዢ ይጠቀምበት ነበር፤ ሁለተኛው በኢንተርኔት መጫወት ከፈለገ ይከፍል ነበር። በ2013 ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ መታየት አለበት፣ ዲስኩም ከአካውንት ጋር ይታሰራል አለ። ሕዝቡ ተነሳበት። በጁን 19 ሐሳቡን አንስቶ ተመለሰ። ልብ በል፤ በዚህ ሁሉ ዲስኩ ላይ አንድም ነገር አልተቃጠለም። መዝገቡ ያለው ኩባንያው ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ግን ለምን? ምልክቱ ዲስኩ ላይ ቢሆን ኢንተርኔትም አያስፈልግም ነበር።

መልስ፦ ከባዱ ነገር ሌላ ነው ያልኩት ይሄን ነው። ማቃጠል ቀላል ነው፤ ምልክቱን አይቶ "አላጫውትም" የሚል ማሽን ግን ያስፈልጋል። ቀድሞ የተሸጠው ማሽን ሁሉ ምልክቱን አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የተቃጠለ ነጥብ አይመለስም። ማሽንህ ቢበላሽና ሌላ ብትገዛ የራስህ ዲስክ ባዕድ ይሆንብሃል። ሦስተኛ፣ ምልክቱ ዲስኩ አንድ ማሽን ውስጥ ገብቶ እንደነበር ይናገራል እንጂ ማን እንዳስገባው አይናገርም። ወንድምህ ቤት ወስደህ ብታየው ሸጥክ ሊባል ነው?

ሕጉም አለ። አሜሪካ ውስጥ ቦብስ ሜሪል የሚባል አሳታሚ መጽሐፉ ላይ "ከአንድ ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው" ብሎ አትሞ፣ የሜሲስ መደብር ባለቤቶች በ89 ሳንቲም ሸጡት። በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሻጮቹ ፈረደ፤ አንዴ ከሸጥከው በኋላ ቀጣዩን ሽያጭ በቅጂ መብት አትቆጣጠርም አለ። በእኔ እምነት ያገለገለን ዕቃ መሸጥ የባለቤቱ መብት ነው፤ ዲስክን ከዚያ የሚለየው ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ በ48 ሰዓት የሚበላሽ ዲስክ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለት ነበሩ፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ በ1998 የመጣው ዲቪክስ ነው። ዲስኩን በ4.50 ዶላር ገደማ ትገዛለህ፤ መጀመሪያ ካየኸው ጀምሮ 48 ሰዓት አለህ። ዲስኩ ራሱ ግን አይነካም። ማጫወቻው ቅድም ያልኩትን የቢሲኤ ቁጥር አንብቦ በስልክ መስመር ደውሎ ሒሳብህን ያስመዘግባል። በ1999 ተዘጋ። ሌላው ፍሌክስፕሌይ ነው፤ ዲዝኒ በ2003 ሞክሮታል። እሱ የኬሚካል ነገር ነው፤ ከታሸገበት ስታወጣው አየር ያገኘውና ቀስ በቀስ ጠቁሮ ሌዘር አላሳልፍ ይላል። ሁለቱም ገበያ አላገኙም። ቆሻሻ ማብዛት ብቻ!

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የእህቴን የሰርግ ዲቪዲ ላኩልኝ። እዚህ ሜሪላንድ ማጫወቻዬ ላይ አልከፈት አለ። የተጠቀሙበት ዲስክ ላይ ጽፈውብኝ ይሆን?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ቶሎ አትቀየሚያቸው። ብዙ ጊዜ ችግሩ በርን ያደረገው ልጅ መጨረሻ ላይ ፋይናላይዝ አለማድረጉ ነው፤ ያኔ ዲስኩ ሳይዘጋ ይቀርና የሳሎን ማጫወቻ ባዶ ነው ይለዋል። ሌላው፣ አገር ቤት ቪዲዮ የሚሠራው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ በሚባለው፤ የአንዱን የሌላው ማጫወቻ ላያነበው ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ሞክሪው፤ ለፓልና ለኤንቲኤስሲ ግድ የለውም።

ጥያቄ፦ መዝሙርና ስብከት ያለባቸው ሲዲዎች ለሰው አውሳለሁ፤ ሲመለሱ ይቀያየራሉ። ብረት ላይ ስም የሚቀርጽ ሌዘር ያለው ልጅ አለ። ስሜን ላስቀርጽባቸው?

መልስ፦ ጽሑፍ ባለበት ፊት ላይ በፍጹም! ሰው ሲዲ የሚጎዳው ከሚያብረቀርቀው በኩል ብቻ ይመስለዋል። በዚያ በኩል እኮ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ፕላስቲክ ይከላከልለታል። በጽሑፉ በኩል ግን መረጃው ከስስ ቫርኒሽ ሥር ነው ያለው፤ ሌዘሩ በአንድ ማለፍ መዝሙሩን ይዞት ይሄዳል። የግድ ካሉ ቀዳዳውን የከበበችው፣ ምንም የማያብረቀርቅባት ጥርት ያለች ፕላስቲክ ላይ ብቻ፣ ጉልበቱን ቀንሶ፣ መጀመሪያ በተበላሸ ሲዲ ይሞክር። እኔ ብሆን እዚያችው ቦታ ላይ ለሲዲ በተሠራ ማርከር ሁለት ፊደል ጽፌ እገላገል ነበር።