ሰጠሁት ብዬ መልሼ እሸከመዋለሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ በመጠጥ ሱስ ተይዟል። ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብዬ ጸልዬ ስነሣ ጭንቀቱ ያው ነው፤ እበረታለሁ ስል ይባስ እደክማለሁ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጭንቀቱ ተመልሶ መምጣቱ አለመስጠትሽን አያሳይም። ሉቃስ 22ን ከቁጥር 42 ጀምረሽ አንብቢ። ጌታ «የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» ካለ በኋላ የሚያበረታ መልአክ ታየው፤ በፍርሃት ሲጣጣር አጽንቶ መጸለዩና ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ መሆኑ ግን የተጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ማቴዎስም ያንኑ ቃል እየደገመ ሦስት ጊዜ እንደ ጸለየ ይነግረናል። አንቺ በቀን አሥር ጊዜ መልሰሽ ብታስረክቢ ምን ይገርማል?

የሚበላሸው አሰጣጡ ላይ ነው። «ሁሉን ሰጥቻለሁ» ለአፍ ይቀላል፤ ምን እንደ ተሰጠ ግን አይታወቅም። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ የአሦር ንጉሥ የላከበትን የዛቻ ደብዳቤ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (2ኛ ነገሥት 19፥14)፤ ጠላቱን በስሙ ጠራ፣ አሦር አሕዛብን ማጥፋቱንም አልሸሸገም። አንቺም ወረቀት ለሁለት ክፈዪ። በአንዱ ወገን በእጅሽ የሌለውን ጻፊ፦ የልጅሽ ልብ፣ የሚተውበት ቀን፣ ሰው የሚለው። በሌላው ድርሻሽን፦ ለመጠጥ የሚውል ገንዘብ አለመስጠት፣ ሳይጠጣ ማነጋገር፣ ሕክምና መፈለግ፣ እጅ ካነሣ ርቆ እርዳታ መጥራት። የመጀመሪያውን አንድ በአንድ አስረክቢ፤ ለሁለተኛው ጉልበት ለምኚ። ብዙዎች ገልብጠው ይይዙታል፤ የልጁን ልብ ሊቀይሩ ይታገላሉ፣ ገንዘቡን መከልከሉ ላይ ሲደርሱ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ። ያዕቆብ ግን «ለእግዚአብሔር ተገዙ» ባለበት ቁጥር «ዲያብሎስን ግን ተቃወሙ» ብሏል (4፥7)።

ቀነ ገደብ አትቁረጪ። «እስከዚህ ወር ካልተወ» ብሎ የሰጠ ሰው ወሩ ሲያልቅ ሊረከብ መምጣቱ አይቀርም። ጸሎቱም ጠዋትና ማታ ከዝርዝሩ አይለፍ፤ ነገሩን ከሥሩ መተረክ ከጀመርሽ ጭንቀቱ ጸሎት መስሎ ገብቷል። ያኔ መዝሙር 37፥5ን (በግእዙ ዳዊት 36) ብቻ በዪ፦ «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ»።

ብርታትን በስሜትሽ አትለኪው። ጳውሎስ የሥጋው እሾህ ያለው መከራ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው፤ እሾሁ ተነቀለለት አይልም። ልጅሽ ዛሬ ገንዘብ ሲጠይቅሽ ሳትሰጪም ሳትራገሚም ማለፍ ከቻልሽ ኃይሉ መጥቷል። እንቅልፍ ካጣሽ ከሰነበትሽ ግን ለሐኪምም ለመንፈሳዊ አባትሽም ንገሪ፤ ሕዝቅያስም ደብዳቤውን ከመዘርጋቱ በፊት ወደ ኢሳይያስ ልኮ ነበር።