«እብኖዲ ናይን» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ሐዋሳ፣ ታቦር ነው የምኖረው። ዘንድሮ ስቅለትን ከእማዬ ጋር ቅዱስ ገብርኤል ስንሰግድ ዋልን። «እብኖዲ ናይን» ሲባል እማዬ ዕንባዋ ይወርዳል። ትርጉሙን ብጠይቃት «የጌታ ስም ነው፣ ዝም ብለሽ ስገጂ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «ግእዝ ነው፣ ሰባኪውም አያውቀውም» ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ለእውነቱ ይቀርባሉ። ግእዝ ግን አይደለም።

እብኖዲ የቅብጥ ቃል ነው፤ ቅብጥ የጥንት የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋ ነው። አምላክ ማለት ነው። ስለዚህ እናትሽ እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። «ናይን» ግን ስም ሳይሆን ልመና ነው። ቅብጦቹ «ናይ ናን» ይሉታል፤ «ናይ» ማር፣ «ናን» እኛን ነው። በእኛ አፍ ተጨፍልቆ ናይን ሆነ። ተከትለው የሚመጡትም እንዲሁ ናቸው፦ ታኦስ በግሪክ አምላክ፣ ማስያስ መሲሕ፣ ትስቡጣ «ዴስፖታ» ከሚለው የግሪክ ቃል ጌታ፣ ገዢ። ኪርያላይሶንም ግሪክ ነው፤ «ኪርዬ» ጌታ ሆይ፣ «ኤሌይሶን» ማር።

እንዴት እኛ ዘንድ ደረሱ? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው መቶ ዓመት ጵጵስናን የተቀበለው ከእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ሲመጣልን የኖረው ከግብፅ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል። ጸሎቱ ወደ ግእዝ ሲመለስ እነዚህ ቃላት እንዳሉ ቀሩ።

እኔ ልጅ ዲያቆን ሆኜ በዚያው በሐዋሳ ስቅለትን ቆሜአለሁ። ማታ ላይ ወደ ምሥራቅ መቶ፣ ወደ ምዕራብ መቶ፣ ወደ ሰሜን መቶ፣ ወደ ደቡብ መቶ ኪርያላይሶን ስንል ጉሮሮዬ ይደርቅ ነበር። 400 ጊዜ ምን እያልኩ እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም። ዛሬም ይቆጨኛል። ቃላቱ ይለወጡ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ብዙ ትውልድ የሰገደባቸው ናቸው። ነገር ግን ጠዋት ስግደቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ካህን አምስት ደቂቃ ወስዶ ትርጉሙን ለሕዝቡ ቢናገር ምን ይጎዳል?

እስከዚያው ለእናትሽ አንቺ ንገሪልኝ። «ናይን» ሲሉ «ማረኝ» ማለታቸው አይደለም፤ «ማረን» ነው። አንቺንም፣ ወንድምሽንም ጨምረው ነው የሚያለቅሱት።