ጦስኝና ነጭ የደም ሴሎቻችን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሴ

ላቦራቶሪ ውስጥ ከደም ሴሎች ጋር ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ስለ አንቲኦክሲዳንት ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ከኮምቦልቻ፦ አንቲኦክሲዳንት ምንድን ነው?

ሰውነታችን ኦክስጅን ሲጠቀም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። ኤሌክትሮን ስለሚጎድላቸው ካገኙት ላይ ይነጥቃሉ። የሴሉን ሽፋንም፣ ዲኤንኤውንም ይጎዳሉ። አንቲኦክሲዳንት የጎደላቸውን ሰጥቶ ያበርዳቸዋል።

ከደሴ፦ እናቴ ጠዋት ጠዋት የጦስኝ ሻይ ታፈላለች። እውነት በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል?

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጦስኝ የደጋችን ልጅ ነው። ያ ሽታው ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ንጥረ ነገሮቹ ነው፤ እነሱም ላቦራቶሪ ውስጥ ፍሪ ራዲካል ያበርዳሉ። "ይጨምራል" የሚለው ላይ ግን ቆም እንበል። ባክቴሪያ ሲገባ ኑትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይውጠዋል። ከሚገድልባቸው መሣሪያዎች አንዱ ራሱ የሚያመርተው ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ፍሪ ራዲካል ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ጎድሏቸው የሚወለዱ ልጆች በባክቴሪያና በፈንገስ ደጋግመው ይታመማሉ። ስለዚህ እሳቱ ሁሉ ይጥፋ አንልም። ምድጃው ውስጥ ይንደድ፣ ጣራውን አይንካ እንጂ። ሻዩን ጠጡት፤ ደስ የሚል ነገር ነው። የበሽታ መከላከያ ብላችሁ ግን አትመኩበት።

ከሐይቅ፦ ሴል ላይ እንዴት ይሞከራል?

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ቅጠሉ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ በኢታኖል ወይም በሜታኖል ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ተንኖ የሚቀረው ነው ኤክስትራክት የሚባለው። መጀመሪያ ዲፒፒኤች በሚባል፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ በሆነ ኬሚካል ይፈተናል። አቅም ካለው ቀለሙን ወደ ቢጫ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ግን ገና ሕይወት ያለው ነገር አልተነካም።

ቀጥሎ ከፈቃደኛ ሰው ደም ይቀዳል። ነጭ ሴሎቹ በሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን፣ ይለያሉ። ግማሹ ከኤክስትራክቱ ጋር፣ ግማሹ ያለ እሱ ይቆያል፤ ከዚያ ሁለቱም ላይ ሴል የሚጎዳው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። ሴሉ ውስጥ ፍሪ ራዲካልና መሰሎቹ ሲበዙ አረንጓዴ የሚያበራ ማቅለሚያ አለ። ብርሃኑ ከቀነሰ ተክሉ ሴሉን ጠብቆት ይሆናል። ግን የሞተ ሴልም ብርሃኑ ይቀንሳል። ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸው ካልተለካ እኔ ውጤቱን አላምነውም።

ከወልዲያ፦ ሴል ላይ ከሠራ ሰው ላይ ለምን አይሠራም?

ሊሠራ ይችላል፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሉ ኤክስትራክቱ ውስጥ ተነክሮ ይውላል። ስንጠጣው ግን አንጀት የሚያሳልፈው ጥቂቱን ነው፤ ያንንም ጉበት ይለውጠዋል። አንዳንዴ ደግሞ ያልጠበቅነው ይመጣል። በ1994 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ በ29,133 ወንድ አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ቤታ ካሮቲን እኮ አንቲኦክሲዳንት ነው! ክኒን ሲያሻሽጡ ስሰማ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ከላሊበላ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና አዳም ልጠጣ?

እህቴ፣ ይቅርብሽ። ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል።

ከባቲ፦ ምች ሲመታኝ ዳማ ከሴ ይበቃኛል?

ዳማ ከሴ እኛም ቤት አይጠፋም። ግን አንተ ያለኸው ቆላ ነው። ትኩሳት ካለህ ምች ነው ብለህ አትቀመጥ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደህ የወባ ምርመራ አድርግ። ዳማ ከሴ መጠጣትህንም ለሐኪሙ ንገረው።