«አባባ ባቢ» እንዳይሆን፦ የስም ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ልጅ ስም አንድ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ነፍሰ ጡሮች ጻፉ፣ አያቶች ጻፉ፣ ስማቸውን የጠሉም ጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ቁጭ ብዬ በአንድ ማኪያቶ ላነባቸው ነበር። የአቶ ይበቃል ባለቤት ደብዳቤ ላይ ስደርስ ሁለተኛ አዘዝኩ።

«የመጀመሪያ ልጃችን ሊወለድ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ወንድ ነው። ባለቤቴ "ባቢ" እንበለው ትላለች። እኔ ግን ሲያድግስ እላለሁ። ጊዜ የማያስረጀው ስም እንዴት ይመረጣል?» (ከካዛንቺስ)

በየዕድሜው ጥሩት። መጀመሪያ በር ላይ ቁሙና «ና ግባ፣ መሽቷል!» እያላችሁ ጎረቤት እስኪሰማ ጥሩት። ከዚያ አስተማሪ ሁኑና ከነአባቱ ስም ከመዝገብ ላይ ጥሩት። ሠርግ ካርድ ላይ ጻፉት። «ዶክተር» ጨምሩበት። «ሳጅን»ም ጨምሩበት፣ ምን ይታወቃል። ከዚያ «ጋሼ» በሉት፤ መጨረሻ ላይ «አባባ»። ብዙ ስም የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «ዶክተር ባቢ» የሕፃናት ሐኪም ከሆነ ያልፍ ይሆናል። «አባባ ባቢ» እድር ስብሰባ ላይ ለመናገር ሲነሡ ግን ወጣቶቹ ሳቃቸውን የሚውጡበት ያጣሉ።

አራት ኪሎ አካባቢ የማውቃቸው አንድ ሰው አሉ። ማሙሽ ይባላሉ። የቤት ስማቸው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የመታወቂያቸው ነው። ጺማቸው ነጭ ነው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። «እኔ አደግኩ፣ ስሜ ቀረ» ይላሉ እየሳቁ። የሚስቁት ግን ሁልጊዜ አይመስለኝም።

ወላጆች የሚረሱት ሌላ ነገር አለ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም አልተለመደም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖረን ጽፎ ነበር። ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ የምታወጡት ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም ነው፤ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም። «ባቢ» ስትሉ ገና ያልተወለደችውን የልጅ ልጃችሁን «ወይዘሮ እንትና ባቢ» እያላችኋት ነው። ይህን ለባለቤትህ ንገራትና ፊቷን እየው።

ባቢ የቤት ስም ይሁን። ማንም አይከለክላትም። ዋናው ስም ግን ሙሉ ይሁን። ናትናኤል «ናቲ» ይሆናል፣ አበበ «አቤ» ይሆናል። ሙሉው ስም ሲያቆላምጡት ያጥራል። ባቢን አስረዝሜ ትልቅ ሰው ላድርገው ብትል ግን ከየት ታመጣለህ?

የዘመን ስምም ተጠንቀቅ። ከ1966 በኋላ ስንት ልጅ አብዮት ተባለ! ስሙ ጥፋት የለበትም፤ ግን አብዮት የሚባል ሰው ዕድሜውን ሊደብቅ አይችልም። ዳዊትን ደግሞ እይ። አፄ ዳዊት ከነገሡ ከ600 ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬም ማንኛውም ክፍል ገብተህ «ዳዊት!» በል፤ አንዱ «አቤት» ይልሃል።

«የባለቤቴ ስም ይበቃል ነው። ሴት ልጃችንን ሰላም ልንላት ስንል እህቴ በሳቅ ፈነዳች። ምኑ ነው የሚያስቀው?»

እስቲ ከነአባቷ ጥሪያት፦ ሰላም ይበቃል። በዚህ ዘመን! ፍቅር ብትሏት ያው ነው። «ትዕግሥት ይበቃል» ደግሞ ጭራሽ ማስፈራሪያ ነው።

መፍትሔው ሰዋስው ውስጥ አለልሽ። «ይበቃል» የወንድ አንቀጽ ነው። ከፊቱ የታወቀ የሴት ስም ስታስገቢ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፦ ሩት ይበቃል፣ ሜሮን ይበቃል። ዓረፍተ ነገር ቢሆን ኖሮ «ትበቃለች» ይል ነበርና ማንም አይስቅም። ወንድ ከወለዳችሁ ግን ተጠንቀቁ። «ዳዊት ይበቃል» ብላችሁ በዓመቱ ሌላ ልጅ ብትደግሙ እህትሽ አትለቃችሁም።

«አማቴ ባለፈው ዓመት ልጃቸውን፣ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም፣ ቀብረዋል። የሚወለደው ልጅ "ካሳሁን" ይባል ይላሉ። እኛ ኖላዊ ብለን መርጠናል። እምቢ ማለት ከበደኝ።»

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፤ እነዚህ ስሞች ለቅሶ ቤት የተወለዱ ናቸው። ለጆሮ ምንም አይሉም። ልጅም ሆነ ሽማግሌ ይሸከማቸዋል። በ«ጋሼ» ፈተና ብቻ ከሆነ ካሳሁን ኖላዊን ሳይበልጠው አይቀርም። ግን ልጁ አንድ ቀን «ካሳነቴ ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። የሞተ ሰው ቦታ እንዲሞላ ሕፃን መላክ ለእኔ ይከብደኛል። ሌላው ሰው እንደዚህ ላያየው ይችላል፤ ብዙዎች በዚህ ስም ተጠርተው ደህና ኖረዋል።

አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ይኑረው ያለው ግን ማን ነው? አራዳ ጊዮርጊስ ሂጂና ሐውልቱን እዪ። ፈረሱ ላይ ያሉት አፄ ምኒልክ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው። ተፈሪ መኮንንም ሲነግሡ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፤ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ጠቅል። ልጅሽ መዝገብ ላይ ኖላዊ ይሁን። ለአያቱ ካሳሁን ይሁን። ይህን ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ በባለቤትሽ አትላኪ። «እማዬ፣ እርስዎ ካሳሁን ይበሉት» ብትያቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ለነገሩ ባትፈቅጂም ይሉታል። አያት ናቸው።

«ልጄን ፀጋ ልላት ነው። በየትኛው "ጸ" ነው የሚጻፈው? በእንግሊዝኛስ?»

በግዕዙ በጸሎቱ «ጸ» ነው፦ ጸጋ። «ፀ» የፀሐይ ናት። አንቺም እንደብዙው ሰው በፀሐዩ ጽፈሽዋል፤ ማንም አያስርሽም።

እንግሊዝኛው ነው ጣጣው። ከአሁኑ አንዱን አጻጻፍ ምረጪ፣ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፋይዳው፣ ፓስፖርቱ ሁሉም በዚያው ይሂዱ። የእኔ ስም ዲግሪዬ ላይ በአንድ «ኢ»፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት «ኢ» ነው። ሁለቱ ሰዎች እኔ አንዱ መሆናችንን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ። መጨረሻ ላይ ራሴም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሙስሊም ጎረቤቶቼ በሰባተኛው ቀን ስም አውጥተው ይገላገላሉ። ክርስትናውን እንጠብቅ የምትሉ ግን አስሉት። ለወንድ በ40 ነው፣ ጊዜ አለ። ለሴት በ80 ነው። የድግሱ ሽርጉድ ሲያልቅ የቀረሽ 10 ቀን ብቻ ነው። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ስም ልቀይር ማለት ደግሞ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

«ማራ የሚለው ስም በጣም ወደድነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ አይደል?»

አለ። መጽሐፈ ሩት 1፥20 ላይ ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «ማራ በሉኝ» አለች። ትርጉሙ መራራ ነው። በአማርኛ «ማረ» ከሚለው ጋር አገናኝታችሁት ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ ለማስረዳት ጉልበት ይኑራችሁ እንጂ።

«የባለቤቴ ቤተሰቦች ኦሮምኛ፣ የእኔ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ሁለቱም አያቶች ሳይቸገሩ የሚጠሩት ስም እንፈልጋለን።»

ኬና፣ ስጦታ ማለት ነው። ሃዊ፣ ምኞት። ገመቹ ደግሞ ደስታ። ሦስቱም ለአማርኛ ምላስ አይከብዱም። የመረጣችሁትን ይዛችሁ ለሁለቱም አያቶች ስልክ ደውሉ። ማብራሪያ ሳትሰጡ አንዴ ብቻ ንገሯቸው። ደግመው «ማን አልሽኝ?» ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ።

«ስሜ ማሚቱ ነው። 26 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ነው የምሠራው። ደንበኛ ባጄን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ልቀይረው?»

ከላይ በሰጠሁት ምክር ቢሆን «ቀይሪው» ማለት ነበረብኝ። ከባቢ በምን ይሻላል?

ግን ማሚቱ ጋሼን ታውቂያቸዋለሽ? ገና በወጣትነታቸው በወሊድ ፊስቱላ (ምጥ ሲረዝም በሚመጣ የውስጥ ቁስል) ተጎድተው አዲስ አበባ መጡ። ማንበብ አይችሉም ነበር። ያከሟቸው ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነበሩ። ከዳኑ በኋላ እዚያው ሥራ ጀመሩ፣ አጠገባቸው ቆመው እያዩ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ። ኋላ የተማሩ ሐኪሞች ከእሳቸው ሊማሩ መጡ። ስማቸውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ማሚቱ። ጋሼ። እኔ ሁለት ገጽ ሙሉ የለፈለፍኩበት ፈተና እሳቸው ስም ውስጥ ተጠቃሎ ተቀምጧል።

ካልተመቸሽ ፍርድ ቤቱ አለልሽ። ከመሄድሽ በፊት ግን ስምሽ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ከመሳቢያ አውጥተሽ ቁጠሪ። ባንክ ነው የምትሠሪው፤ መቁጠሩ አይከብድሽም።