ሚሊጢን ከባሕር የራቀችው ለምንድን ነው?

ጥንታዊቷ የግሪኮች ከተማ ሚሊጢን ከኤጅያን ባሕር በርካታ ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ እንዴት የወደብ ከተማ ልትባል እንደቻለች ጠይቀዋል። ከተማዋ በጥንት ዘመን አራት ወደቦች ነበሯት፤ ዛሬ በምዕራብ ቱርክ የሚገኘው ፍርስራሿ በሜዳ መካከል የቀረው፣ የሜአንደር ወንዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያመጣው የኖረው ደለል የባሕር ወሽመጡን ስለሞላው ነው።

ፈላስፋውን ታሌስን ያፈራችው፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻም ሲኖፕንና ኦልቢያን የመሳሰሉ ከተሞችን የቆረቆረችው ሚሊጢን፣ በ499 ከክርስቶስ ልደት በፊት በፋርስ ላይ የተነሣውን የኢዮንያ (በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ ዳርቻ የነበሩት የግሪክ ከተሞች) ዓመፅ መርታ፣ መርከቦቿ ከአጋሮቿ ጋር በላዴ ደሴት አጠገብ ድል ከተነሡ በኋላ በ494 ተደመሰሰች። ይህ ውድቀት እጅግ የከበደ ነበር፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ ጥፋቷን በመድረክ ያሳየው የአቴና ተውኔት ጸሐፊ ተመልካቹን በማስለቀሱ 1,000 ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ) ተቀጥቷል። ያ የጦርነቱ ደሴት ራሱ አሁን በደለሉ ሜዳ ውስጥ የቆመ ኮረብታ ነው፤ ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ከተማዋ በኋላ ቀጥ ባሉ፣ እርስ በርስ በሚቋረጡ ጎዳናዎች እንደገና ተሠርታለች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ ደርሶ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራው ከዚህችው ሚሊጢን ሲሆን፣ በአንደኛው መቶ ዘመን ወደቧ ገና ይሠራ ነበር።