ገበያው ውስጥ የረከሰውን ግዙ፤ ለሮም ልጆች

ልጆቼ፣

ሮም ከገባችሁ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሆናችሁ፣ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ክፍል ተጋርታችሁ የምትኖሩ፣ ቀን ሥራ ማታ ትምህርት የምትሯሯጡ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሙያዬ ማብሰል ነው። በሰው ቤት አብስያለሁ። ትራቶሪያ በሚባል ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ አብስያለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደግሞ በትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ፣ ሜንሳ በሚሉት፣ ለሕፃናት አብስያለሁ። ስለ ምግብ ስትጠይቁኝ ታዲያ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

አብዛኞቻችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ «ሜዲትራኒያን ዳየት» የሚል ቪዲዮ ታሳዩኛላችሁ። አቮካዶ አለበት፣ ሳልሞን አለበት፣ ኪኖዋ አለበት። የድሮው የሜዲትራኒያን ጠረፍ ገበሬ ሦስቱንም አያውቃቸውም ነበር። ዋጋቸውን አይታችሁ «ይህማ የሀብታም ምግብ ነው» ትላላችሁ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ፓስታ በታሸገ ሱጎ ትበላላችሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይህ አመጋገብ የድሃ ምግብ ነበር።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንሰል ኪይስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በሰባት አገሮች የሚኖሩ ወንዶችን መከታተል ጀመረ። አገሮቹ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ዩጎዝላቪያ፣ ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ጃፓንና አሜሪካ ናቸው። በግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች ዘንድ የልብ ሕመም በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በምሥራቅ ፊንላንድ ደግሞ በጣም ብዙ። (ሴቶቹን ማን ረሳቸው ብዬ ሁልጊዜ እገረማለሁ። ምግቡን ያበሰሉት እነሱ ናቸው።)

የቀርጤስ ሰዎች ቅባት አልቀነሱም። ከምግባቸው ከሚያገኙት ኃይል 40 በመቶ ገደማው ከቅባት ነበር፣ እሱም በአብዛኛው የወይራ ዘይት። የቀረው ዳቦ፣ ጥራጥሬ፣ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠልና ፍራፍሬ ነው። ሥጋ አልፎ አልፎ ይበላሉ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ሲሉ ይውላሉ። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይነኩም። ይህን ስሰማ እናቴ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

እንግዲህ ምክሬ አንድ ነው። ተአምር የሚሠራ ምግብ አትፈልጉ። ገበያ ሂዱና በዚያ ሳምንት የተትረፈረፈውን፣ የረከሰውን ግዙ። እሱን በጥራጥሬና በጥሩ ዘይት አብስሉት። ጤናው ያለው ከአንዱ ፍሬ ሳይሆን በየቀኑ ከምትደጋግሙት ነገር ነው።

ከብርዱ ወቅት ልጀምር፣ ምክንያቱም የምትማረሩት ያኔ ነው። ጃንዋሪ ላይ ቲማቲም አትግዙ። ቀይ ነው፣ ጣዕም የለውም፣ ውድ ነው። ቲማቲም ካማራችሁ በበጋ በስሎ የታሸገውን የቆርቆሮ ቲማቲም ግዙ፤ እሱ ይሻላል። የጃንዋሪ ገበያ የቅጠል ገበያ ነው። ቺኮሪያ፣ ብሮኮሊ፣ ጥቁር ጎመን፣ ፊኖኪዮ ይሞላል። ፊኖኪዮ የእኛ እንስላል ዘመድ ነው፣ ራሱ ብቻ ወፍሯል። በስሱ ከትፋችሁ ከብርቱካን ጋር በጨውና በዘይት ብሉት። ብርቱካኑ ደግሞ ከሲሲሊ የሚመጣው፣ ውስጡ ደም የመሰለው ይሁን። ያ ቀለም ቤሪዎች ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነው።

ቺኮሪያ ይመራል። ሜንሳ ውስጥ ሕፃናቱ ሲያዩት ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ሮማውያን የሚሠሩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀቅለው በደንብ ይጨምቁታል። ከዚያ መጥበሻ ላይ ዘይት፣ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ሚጥሚጣ የሚመስል ደረቅ በርበሬ አድርገው ያገላብጡታል። እናንተ ጎመን ስትሠሩ ከምታደርጉት ብዙም አይለይም። ቅጠሉ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው፣ ቫይታሚን ኬ አለው፣ አሰር አለው። ዘይቱም ሥራ ፈት አይደለም፣ ቫይታሚን ኬ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። በውሃ ብቻ የተቀቀለ ቅጠል ጨክነው ለሚበሉ ሰዎች ይህን ንገሩልኝ።

አሁን ወደ ጥራጥሬው፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ወገብ እሱ ነው።

የዕረፍት ቀናችሁ እሑድ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ በጨው ውሃ ዘፍዝፉ። ጨው ያጠነክረዋል የሚሉትን አትስሙ፣ ልጣጩን ያለሰልሰዋል። እሑድ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት። አንድ የሮዝማሪኖ ዘለላ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። እሳቱ ዝቅ ይበል። ቲማቲምና ሎሚ ግን ቀድመው አይግቡ፣ ኮምጣጣ ነገር ሽምብራ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። እናንተ ልብስ እያጠባችሁ ስልክ እያወራችሁ ይበስላል።

ከዚያ ሲሶውን ከነውሃው ጨፍልቃችሁ አጫጭር ፓስታ ቀቅሉበት። ይህ «ፓስታ ኤ ቼቺ» የሚባለው ነው። ሮም ውስጥ ሰው አርብ አርብ ሲበላው የኖረ ምግብ ነው። ሌላውን ሲሶ በሽንኩርት፣ በፓርስሊና በሎሚ ሰላጣ አድርጉት፣ ለሥራ ምሳ ይሆናል። የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የሳምንቱ ችግር አለቀ ማለት ነው።

ለምን ይጠቅማል? አሰሩ ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይቀልባል። የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ነገር ያንሰዋል፣ ጥራጥሬው ይሞላለታል። ፓስታና ሽምብራ አብረው የኖሩት በከንቱ አይደለም። ያልለመደ ሆድ መነፋቱ አይቀርም። በትንሽ ጀምሩ፣ ይለምዳል።

ሴት ልጆቼ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ምስርና ሽምብራ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮት ሲኖር ይገባል። ሻይና ቡና ወዲያው ሲከተለው ደግሞ ይታገታል። ቡናችሁን አትተዉ፣ እኔም አልተውኩም። ከምግብ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ያህል ታገሱ። ድካም ካልለቀቃችሁ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርመሩ፣ በምስር ብቻ አትታከሙ።

ማርች ሲገባ ገበያው ይለወጣል። ካርቾፊ የሚባለው፣ ያልፈነዳ አበባው የሚበላ አትክልት ይመጣል፣ ከዚያ ትኩስ አተርና ትኩስ ባቄላ ይከተላል። ሮማውያን እነዚህን ከሰላጣ ቅጠልና ከሽንኩርት ጋር አንድ ላይ ያበስሉና «ቪኛሮላ» ይሉታል። ሦስቱ ባንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜ አጭር ነው፣ ጥቂት ሳምንት ብቻ። ካርቾፊ ለማጽዳት ሰነፍ አይሆንም። ውጪውን ቅጠል ሳትሰስቱ ንቀሉ፣ ጫፉን ቁረጡ፣ እንዳይጠቁር ሎሚ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱ። ገበያ ላይ ያሉት ሴትዮዎች አጽድተው የሚሸጡትም አለ፣ ግን ራሳችሁ ብትለምዱ ይሻላችኋል።

በሜይ 1 ሮም ውስጥ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ጥሬ ባቄላ በፔኮሪኖ አይብ ይበላል። እሸት እየፈለቀቀ ያደገ የአገሬ ልጅ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ከልደት የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል፣ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል። በሰርዲኒያ በተለይ ብዙ ናቸው። እዚህ አንዳንድ ሱቅ በር ላይ «ትኩስ ባቄላ ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ የሚለጠፈው ለማሻሻጥ አይደለም፣ እነዚህ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ነው።

ስለ በጋው ብዙ አልልም፣ በጋ ላይ ማንም ያውቃል። ቲማቲም፣ ዙኪኒ፣ ደበርጃን፣ ቃሪያ፣ ኮክ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቲማቲም ቀይ የሆነበት ላይኮፒን ሲበስልና ቅባት ሲያገኝ ነው ሰውነት በደንብ የሚጠቀምበት። ጥሬውን ለቫይታሚን ሲ፣ የበሰለውን ለላይኮፒን ብሉ። ኦገስት ላይ የደቡብ ቤተሰቦች ግቢያቸው ውስጥ ትልልቅ ድስት ጥደው የዓመት ቲማቲም በጠርሙስ ያሽጋሉ። የጣሊያን ጓደኛ ካላችሁ ለእርዳታ ሂዱ፣ ባዶ እጃችሁን አይሰዷችሁም።

የቀዘቀዘ አትክልት አትናቁ። ፍሪዘር ውስጥ ያለው አተር እንደተለቀመ ወዲያው የተያዘ ነው። ሱቅ ውስጥ ለቀናት የተኛ «ትኩስ» ስፒናች ከሱ የተሻለ አይደለም፣ ቫይታሚን ሲውን መንገድ ላይ ጥሎት መጥቷል። ዓሣም ቢሆን ሳልሞን ካልሆነ አትበሉ ያላችሁ የለም። አሊቺ፣ ሰርዲንና ማከሬል ርካሽ ናቸው፣ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጥሩ ቅባት ሞልቷቸዋል፣ ትንንሽ ስለሆኑም ሜርኩሪ ብዙ አያከማቹም። የሰርዲን ቆርቆሮ ይበቃል።

ወይንስ ትሉኛላችሁ። የቀርጤስ ገበሬ ከምግቡ ጋር ይጠጣ ነበር፣ እውነት ነው። ለጤና ብላችሁ ግን አትጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ በውድ ዋጋ የወይራ ዘይት ፍለጋ አትንከራተቱ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ በትሪ ላይ ሲቀርብ ያው የቀርጤስ ማዕድ ነው፣ ቅመሙ ብቻ ይለያል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብ የማይወደው ቅባት ነው። ኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ብታገኙ ይሻላል። ወጡ ላይ የሚፈሰውን ዘይትና ጨው ብቻ ቀነስ አድርጉ። ጾም ምግብ ነው ተብሎ ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ምግብ አይቻለሁ።

የመጨረሻው የኔ ወቅት ኖቬምበር ነው። ወይራው ከኦክቶበር ጀምሮ ይለቀማል፣ አዲሱ ዘይት ኖቬምበር ላይ ገበያ ይገባል። አረንጓዴ ነው፣ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። ቁንጥጫው የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ኦሌዮካንታል የሚባል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይንቲስቶች እንደ ሕመም ማስታገሻው ኢቡፕሮፌን ያለ ጠባይ እንዳለው አሳይተዋል። ይህን ሰምተው ጠዋት በባዶ ሆድ ዘይት በብርጭቆ የሚጨልጡ አሉ። ተዉ! አንድ የሾርባ ማንኪያው 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ዘይት ጎመን ላይ፣ ሽምብራ ላይ፣ ዳቦ ላይ ነው ቦታው።

በስፔን ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ7,400 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ይህን አመጋገብ ከብዙ የወይራ ዘይት ወይም ከለውዝ ዓይነቶች ጋር የተከተሉት በስትሮክና በድንገተኛ የልብ ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው 30 በመቶ ገደማ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ፣ ሰዎቹ በየቡድኑ በተመደቡበት መንገድ ችግር ተገኝቶበት ጽሑፉ ተሰረዘ፣ በ2018 እንደገና ተሰልቶ ወጣ። ውጤቱ ብዙ አልተለወጠም። ሰዎቹ ግን ዘይቱን ከምግብ ጋር ነበር የሚበሉት።

ስለዚህ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጡና ኖቬምበር ላይ ባለ 5 ሊትር ቆርቆሮ ከአምራቹ ግዙ። «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚል ይኑረው፣ አሲዱ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም። የተለቀመበትን ዓመት ጠይቁ። ወደ ጥቁር ጠርሙስ እየገለበጣችሁ ተካፈሉት። ምድጃው አጠገብ አታስቀምጡት፣ ሙቀትና ብርሃን ያበላሸዋል። መጥበስ ካስፈለጋችሁ ጥበሱበት፣ ችግር የለውም። ለልዩ ቀን ብላችሁም አታቆዩት፣ ዘይት እንደ ወይን ሲያረጅ አይጣፍጥም። የሚቀጥለው ኖቬምበር ሳይመጣ ጨርሱት።